ትንሿን ጣት ያልጠየቀ ጽሑፍ

ስለ እጅ መደንዘዝ የተጻፈውና ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተው ጽሑፍ በአንድ ቀን ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንደኛዋ ሙጋድ ሱቅ ያላት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትርቀው አክስቴ ናት። “አንቺ የእጅ ሐኪም አይደለሽ? እውነት ነው ይሄ? እኔም እኮ እጄ እየደነዘዘኝ ነው” የሚል የድምፅ መልእክት አስከትላለች። የእጅ ሐኪም አይደለሁም፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ቢሆንም ላለፉት 11 ዓመታት “ሌሊት ሌሊት እጄ አላስተኛ አለኝ” እያለ የሚመጣ ሰው ስቀበል ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ላልደረሳችሁ ባጭሩ የሚለው ይህ ነው። ካርፓል ተነል የሚባለው ሕመም፣ ማለትም የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣው መደንዘዝ፣ ኮምፒውተርና ስልክ ያመጡት የቢሮ ሰው በሽታ ነው። የእኛ አገር ሰው እጁ የሚደነዝዘው ግን ባብዛኛው በብርድና በደም ዝውውር ማነስ ስለሆነ ሙቅ ውሃ፣ በቅቤ መታሸትና ዋግምት ይበቃዋል። ካልተሻለው ቢ ቫይታሚን በመርፌ ይወጋ፤ ቫይታሚኑ የነርቭ ምግብ ነው። በሽታውን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው በነርቭ መመርመሪያ ማሽን ወይም በኤምአርአይ ብቻ ነውና አዲስ አበባ ሳይወጡ ምርመራ አይታሰብም። የአንጓ ድጋፍ የገዛ ሰው ቀን ከሌት ጠበቅ አድርጎ ይሰረው። አንጓ ላይ የሚሰጥ መርፌ አጥንት ያበሰብሳል። ቀዶ ሕክምና ነርቭ ይቆርጣል፤ ቢሳካም በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሕመሙ በራሱ ጊዜ እስኪተው መታገሥ ይሻላል።

ጸሐፊው በተንኮል የጻፈው አይመስለኝም። ሰውን ከቢላዋና ከወጪ ለማዳን እንዳሰበ ያስታውቃል፤ አንዳንዱ ነጥቡም ትክክል ነው፣ ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አልከተልም። ከመጨረሻው እጀምራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እሱ ነውና።

“ይተዋል፣ ታገሡ” የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ቀለል ያለው፣ በተለይ በእርግዝና ወራት የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ይተዋል። ችግሩ፣ ሕመሙ የሚተውበት ሌላም መንገድ አለ። ነርቭ ሲጨመቅ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ይነዝራል፣ እንደ መርፌ ይወጋል፣ ከእንቅልፍ ያስነሳል። ጭምቀቱ ሲሰነብት የነርቩ ክሮች አንድ ባንድ መሞት ይጀምራሉ። የሞተ ክር ደግሞ አይጮኽም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እናቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው ያሳደገችን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቀኝ እጇን ቴርሞሜትር እንደሚያራግፍ ነርስ ስታራግፍ አስታውሳለሁ። አንድ ክሊኒክ የቢ ቫይታሚን መርፌ አዘዘላት፤ አለቀ፣ ተደገመ፣ ተሰለሰ፣ ወደ ሁለት ዓመት ሄደ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ስደውልላት “አብሽሪ ልጄ፣ አሁንማ ተወኝ” አለችኝ፤ ደስ አለኝ። ለእረፍት ስመጣ ቡና አፍልታ ሲኒውን ስታቀብለኝ ከጣቷ አመለጣት። ሳቀች። እኔ ግን እጇን ይዤ ገለበጥኩት፤ በአውራ ጣቷ ሥር ያለው የመዳፍ ጡንቻ፣ ያ ሞላ ያለ ሥጋ፣ ጎድጉዷል። ለካስ የተዋት ሕመሙ አልነበረም፤ ነርቩ ነው የተዋት። በኋላ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ እንቅልፏ በዚያው ሳምንት ተመለሰ፣ የጣቶቿም ስሜት ቀስ እያለ ባብዛኛው መጣ። ጡንቻው ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ቁልፍ የምትቆልፈው በግራ እጇ ነው። የተቆረጠ ወይም የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል ይባላል፤ ያለ ነርቭ ለረጅም ጊዜ የከረመ ጡንቻ ግን ነርቩ ቢደርስለትም አይቀበለውም።

እንግዲህ ጸሐፊው “ታገሡ” ሲል የትኛውን መተው እንደሚጠብቅ ቢነግረን ጥሩ ነበር።

ቦታውን ላላየው ልግለጸው። መዳፋችን ሥር፣ አንጓችን ላይ፣ ወለሉና ግድግዳው አጥንት፣ ጣሪያው ጠንካራ ሰፊ ጅማት የሆነ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ካርፓል ተነል የሚባለው እሱ ነው። በውስጡ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። ነርቩ ሚዲያን ይባላል። አጥንቱ አይሰፋም፣ ጣሪያውም አይለጠጥም። ጅማቶቹ ያበጡ እንደሆነ ወይም ውስጡ ውሃ የቋጠረ እንደሆነ የሚጨፈለቀው ከሁሉም ለስላሳ የሆነው ነርቩ ነው። በገበያ ቀን ጠባብ ቅያስ ውስጥ አህያ ጭነቷን እንደያዘች ስትገባ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን “የኮምፒውተር በሽታ” ወደሚለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓጄት አንጓው ከተሰበረ በኋላ ይህ ነርቭ የተጨመቀበትን ሰው የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ፒየር ማሪ እና ሻርል ፉዋ የተባሉ ፈረንሳውያን የሁለት እጁ የአውራ ጣት ጡንቻ የሰለለበትን የ80 ዓመት ሽማግሌ አስከሬን መርምረው ነርቩ ከዚያ ጅማት ሥር ታንቆ አገኙት፤ ጅማቱ ቀድሞ ቢቆረጥለት ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር ብለው ጻፉ። የዚያ ሽማግሌ ዘመን ኮምፒውተር አያውቅም። ለነገሩ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎችን ራሳቸውን ያጠኑ ሰዎችም ኪቦርድ መምታት ለዚህ በሽታ ትልቅ ምክንያት ሆኖ አላገኙትም። ከሥራ ጋር ጎልቶ የሚያያዘው በኃይል ጨብጦ ደጋግሞ መሥራት፣ አንጓን አጥፎ መዋልና የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ መያዝ ነው።

ይህን ወደ ወሎ አምጡት። ሊጥ የምታቦካ፣ ብርድ ልብስ አጥባ የምትጨምቅ፣ ቀኑን ሙሉ ኮብልስቶን የሚጠርብ፣ የስፌት መኪና ላይ ጂንስ የምትገፋ፣ መዶሻና መፍጫ የማይለየው ብየዳ ቤት የሚውል፤ እነዚህ ናቸው እኔ ዘንድ የሚመጡት። የባንክ ሠራተኛም ይመጣል፣ ግን ሰልፉን የያዘው እሱ አይደለም። ጽሑፉ “የቢሮ ሰው” ብሎ ሲጀምር የኔ እናት ገና ከመጀመሪያው መስመር እሷን እንደማይመለከት ትደመድማለች። የመጀመሪያው ጉዳት ይህ ነው።

ደግሞ ሥራ ብቻ አይደለም። በሽታው ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ቁጣ፣ ውፍረት፣ እርግዝና፣ ቀድሞ የተሰበረ አንጓ፣ ለረጅም ጊዜ የኩላሊት እጥበት፤ ሁሉም በሩን ይከፍታሉ። ሁለቱም እጇ የሚደነዝዛትና እርጉዝ ያልሆነች ሴት ስትመጣ ስለ አንጓዋ ከማውራቴ በፊት ስኳሯን ተለክታ እንደሆነ እጠይቃለሁ። በእጅ መደንዘዝ ሰበብ ስኳሩ የተገኘለት ሰው ጥቂት አይደለም። ጽሑፉ ስኳርን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም።

ብርድን በተመለከተ የደሴ ሰው ሁሉንም ነገር በጦሳ ተራራ ብርድ ማሳበብ እንደሚወድ አውቃለሁ፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ሐረጎን ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ኮምቦልቻ ናችሁ፤ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች፣ ጋቢ የማይፈለግባት ከተማ። እዚያም ያው እጅ ሌሊት ይደነዝዛል። ብርድ ያለበትን ሕመም ሊያብሰው ይችላል፤ መተላለፊያውን ጠባብ የሚያደርገው ግን እሱ አይደለም።

የደም ዝውውር የሚለው ነገር ነው ዋናው ስህተት፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ደም ጣቶች ጋር የሚደርሰው በሁለት ትላልቅ የደም ሥሮች ነው፤ መዳፍ ውስጥም ይገናኛሉ። ደም ቢያንስ ኖሮ ጣት ይነጣል፣ ይቀዘቅዛል፤ ደግሞም ደም የጣት ስም አይመርጥም። ነርቭ ግን ይመርጣል። ሚዲያን ነርቭ ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ነው። ግማሽ ስል ቃል በቃል ነው፤ የቀለበት ጣት በመሃል ጣት በኩል ያለው ጎኗ ደንዝዞ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጎኗ ደህና ሆኖ ይገኛል። በጥጥ ነክታችሁ ሞክሩት። አንድ ጣት ለሁለት የሚከፍል የደም ማነስ የለም። ትንሿ ጣት ሌላ ነርቭ ስላላት ከዚህ ጉዳይ ነፃ ናት። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ “የትኛው ጣት?” የሚል ጥያቄ የለበትም።

ለነገሩ ሕመምተኛውም ቶሎ አይነግርህም። “አባባ፣ የትኛው ጣትዎ ነው?” ስላቸው “ሁሉም፣ እጄ ሁሉ” ይሉኛል። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ጣት አይቆጥርም። ስለዚህ ወረቀት ላይ እጅ ስዬ እስክሪብቶ እሰጣቸዋለሁ፤ “ዛሬ ሌሊት ሲያስነሳዎት ቆጥረው ቀለም ይቀቡልኝ” እላለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ትንሿ ጣት ነጭ ሆና ትመጣለች። መዳፉ መሃልም ብዙ ጊዜ ነጭ ነው፤ ለመዳፍ ቆዳ የምትሄደው ቅርንጫፍ ከመተላለፊያው ቀድማ ተለይታ ከጣሪያው በላይ ስለምታልፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰዓቱ ነው። ለምን ሌሊት? ተኝተን አንጓችንን ሳናውቀው አጥፈን ትራስ ሥር እንከተዋለን፤ አንጓ ሲታጠፍ መተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ስንተኛ ደግሞ ቀን ወደ እግር የወረደው የሰውነት ውሃ ይመለሳል። ሰውየው ይነቃል፣ እጁን ያራግፋል፣ ይሻለዋል። ይህ ማራገፍ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው። እናቴ ከሁለት ዓመት መርፌ በፊት የበሽታዋን ስም በእጇ ትናገር ነበር፤ የሚያነብላት ነው የጠፋው።

ሙቅ ውሃውን አልቃወምም፣ ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ፦ የደነዘዘ ጣት ሙቀት በትክክል አይለካም፣ ስኳር ያለበት ሰው ሳያውቀው ይቃጠላል፤ ውሃውን በደህናው እጅ ወይም በክርን ይለኩት። ለስላሳ መታሸትም ማንንም አልገደለም። ዋግምትና ሂጃማ ላይ ግን እቆማለሁ። አንጓ ላይ ሚዲያን ነርቭ ከቆዳው ብዙም አይርቅም፤ እዚያ ቦታ ላይ በምላጭ መብጣት ያልነበረ በሽታ መጨመር ነው። አንጓ የተሰበረበት ሰው ወጌሻ ዘንድ ታስሮ ጣቱ እየደነዘዘ ከሄደ ደግሞ “ይለምዳል” ተብሎ የሚታደርበት አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

የቫይታሚን ነገር። ካርፓል ተነል በቢ ቫይታሚን እንደሚድን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የታነቀ ሰውን ምግብ ብታቀርብለት አይውጥም፤ መጀመሪያ ከአንገቱ ላይ እጁን አንሳለት። ከዚህ የሚብሰው፣ ቢ 6 ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግር ያደነዝዛል። ለመደንዘዝ የወሰድከው መድኃኒት ያደነዝዝሃል ማለት ነው። ቫይታሚኑ ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው ቢ 6 አብሮ የሚሰጠው ያ መድኃኒት ነርቭ እንዳይጎዳ ነው፣ ትክክል ነው። ቢ 12 ያነሰበትም ሰው ሊሰጠው ይገባል። ግን የእነዚህ ሰዎች መደንዘዝ ብዙ ጊዜ ከእግር ጣት ይጀምራል፣ ሁለቱንም ጎን እኩል ይይዛል፣ ሌሊት አራግፈውት አይሄድም። ፋርማሲ ገብተው “የነርቭ መርፌ ስጡኝ” የሚሉ ሰዎች ሁሉ የሚወጡት በአንድ ዓይነት ብልቃጥ መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ። ዳይክሎፌናክም ያው ነው፤ ማስታገሻ ለዚህ በሽታ ከባዶ ክኒን ብዙም አልበለጠም፣ ጨጓራውን ግን ያስከፍላል።

“አዲስ አበባ ሳይሄዱ ምርመራ የለም” የሚለው ነጥብ ላይ ተናድጃለሁ፤ አልደብቅም። ይህን ያነበበች የወረባቦ ወይም የተሁለደሬ ሴት የምታስበው የአውቶቡስ፣ የአልጋና የማሽን ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ትተወዋለች። የካርፓል ተነል ምርመራ ሲጀመር ሁለት እጅ፣ ወንበርና የሚያዳምጥ ሰው ነው የሚጠይቀው።

የሁለቱን እጅ ጀርባ አጋጥማችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ አንጓችሁ ታጥፎ 60 ሰከንድ ቆዩ፤ መደንዘዙ በእነዚያው ጣቶች ላይ ከመጣ ምልክት ነው። የፋለን ምርመራ ይባላል፣ ይህን በሽታ በሰፊው ባስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፋለን ስም። ሌላው አንጓውን መሃል በአውራ ጣት 30 ሰከንድ ያህል መጫን ነው። ሦስተኛው እዚያው ላይ በጣት ጫፍ ቆርቆር ማድረግ ነው፤ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ወደ ጣት ከሮጠ ልብ በሉ። አንዳቸውም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ጤነኛ ሰውም 60 ሰከንድ አንጓውን ሲያጥፍ ሊደነዝዝ ይችላል፣ ነርቩ ክፉኛ የተጎዳም ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል። ከጣቱና ከሌሊቱ ታሪክ ጋር ሲገጥሙ ግን ባብዛኛው በቂ ናቸው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፦ መዳፍን ወደ ላይ ዘርግቶ አውራ ጣትን ቀጥ አድርጎ ወደ ጣሪያ ማንሳት፤ እኔ ወደ ታች ስገፋው ይቋቋማል ወይ? ካልተቋቋመ፣ ወይም ሁለቱ እጆች ጎን ለጎን ሲታዩ የአንዱ ሥጋ የጎደለ ከሆነ፣ ስለ ሙቅ ውሃ የሚወራበት ጊዜ አልፏል።

የነርቭ መመርመሪያ ማሽኑ ጥቅም አለው፤ ታሪኩ ሲምታታ፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። አልትራሳውንድም ያበጠውን ነርቭ ሊያሳይ ይችላል። ኤምአርአይ ግን ለተለመደው ካርፓል ተነል አያስፈልግም። ጸሐፊው ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ምናልባት ለአንገት የታዘዘለት ሰው ነግሮት ይሆናል። ደንዝዞ የመጣ እጅ ሁሉ አንጓ አይደለምና ያም ያጋጥማል። አንገቱን ሲያዞር ሕመሙ ከትከሻ እስከ ጣት የሚወርድበት ሰው ጉዳዩ አንገቱ ነው። ስሜት የሌለው ነጣ ያለ የቆዳ ምልክት ያለበት፣ ክርኑ ላይ ነርቩ ወፍሮ የሚዳሰስ ሰው ደግሞ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ፤ ለዚህ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችን ነው፣ በዚህ ሕክምና ለረጅም ጊዜ የቆየ ስም አለው። በድንገት የአንድ ወገን እጅና ፊት የደነዘዘበት፣ አፉ የተንሻፈፈበት ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አያንብብ፤ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና አሁኑኑ ይውሰዱት።

የአንጓ ድጋፉን ጸሐፊው ማንሳቱ ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ እንስማማለን። አጠቃቀሙን ነው ያበላሸው። ጥብቅ ማድረግ? የተጨመቀን ነርቭ ሌላ ማነቂያ መጨመር ነው። ቀን ከሌት? ቀን የታሰረ አንጓ ይዝላል፣ ሥራም አያሠራም። የሚፈለገው ሌሊት ብቻ፣ ላላ ተደርጎ፣ አንጓው ወደፊትም ወደኋላም ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ቢያንስ 6 ሳምንት ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ድጋፍ ውስጥ ያለው ብረት ብዙ ጊዜ ወደኋላ ጎበጥ ብሎ ነው የሚሠራው፤ አውጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱት። ገንዘብ ያጠራት አንዲት ሴት የልጇን የፕላስቲክ ማስመሪያ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ በፋሻ አላልታ እያሰረች ስትተኛ ነበር። ከብዙ የተገዛ ድጋፍ የተሻለ ነበር የሠራችው። ለእርጉዞችም የመጀመሪያው ሕክምና ይሄው ነው፤ አብዛኛዎቹ ከወለዱ በኋላ ይተዋቸዋል።

አንጓ ላይ የሚሰጠው መርፌ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። “አጥንት ያበሰብሳል” የሚለው ለብዙ ጊዜ በክኒን ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው አጥንት መሳሳቱን ከዚህ ጋር አዳብሎ ነው። እዚህ የሚሰጠው አንድ ጊዜ፣ በትንሽ መጠን፣ በቦታው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አንድ መርፌን ከሌሊት ድጋፍ ጋር አወዳድሮ በ6ኛው ሳምንት መርፌው እንደሚበልጥ፣ በ6ኛው ወር ግን ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ መርፌው ጊዜ ይገዛል እንጂ ቤት አይገዛም። ለመውለድ ሁለት ወር የቀራት፣ አዝመራ መሰብሰቢያ የደረሰበት፣ ለእነዚህ የተገዛ ጊዜ ዋጋ አለው። የሚሰጠው ቦታውን የሚያውቅ ሐኪም ይሁን፤ ነርቩ ውስጥ ከተወጋ ይጎዳል። ስኳር ያለበት ሰው ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ ሊል እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ።

ቀረ ቀዶ ሕክምናው፤ ሰው በጣም የሚፈራው። “ነርቭ ይቆርጣል” የሚለው የተገላቢጦሽ ነው። የሚቆረጠው ጣሪያው ነው፣ ያ ጠንካራ ጅማት፤ ነርቩ እንዲተነፍስ። ባብዛኛው የሚሠራው ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ነው፤ ሰውየው ነቅቶ እያወራ ያልቃል፣ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናቴ ከገባችበት ስትወጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ “መቼ ነው የሚጀምሩት?” የሚል ነበር። ስፌቱ በ2 ሳምንት ገደማ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሐኪሞች ሁልጊዜ አይናገሩትምና ልናገር፦ መዳፍ ሥር በሁለቱ ጎን የሚያም፣ ሲደገፉበት የሚቆረቁም ስሜት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ የመጨበጥ ኃይልም ለመመለስ 2 እና 3 ወር ይፈልጋል። ሊጥ የምታቦካ ሴት ይህን ሳትሰማ ገብታ በ10ኛው ቀን ምጣድ ላይ ከተመለሰች “አበላሹኝ” ማለቷ አይቀርም። ከዚያ ወሬው ሰፈር ይዞራል።

ነርቩ የሚጎዳበት አጋጣሚ የለም አልልም። አለ፤ ግን ብርቅ ነው። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ቀርቶ ምልክቱ የሚቀጥልበት፣ ወይም ከዓመታት በኋላ የሚመለስበት ሰውም አለ፤ ጥቂት ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ 176 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ቀዶ ሕክምና፣ ግማሹ የሌሊት ድጋፍ የተሰጠበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አለ። በ3ኛው ወር ከቀዶው 80 በመቶ፣ ከድጋፉ 54 በመቶ ተሻላቸው። በ18ኛው ወር ቁጥሩ 90 እና 75 ሆነ፤ ከድጋፎቹ ግን 41 በመቶዎቹ እስከዚያ ድረስ ቀዶውን አድርገውት ነበር። ይህን ጥናት ጸሐፊውም እኔም ልንጠቅሰው እንችላለን። እሱ “በድጋፍ ከግማሽ በላይ ተሻላቸው እኮ” ይላል፣ እውነቱን ነው፤ ለዚህ ነው ቀለል ያለ ሕመም ያለበትን ሰው እኔም ወደ ቢላዋ የማልገፋው። እኔ ደግሞ ድጋፉ 6 ሳምንትም ሆነ 3 ወር አልይዝ ካለ፣ መደንዘዙ ቀን ከሌት ከሆነ፣ ወይም አውራ ጣት ከዛለ መጠበቅ ምን ይጠቅማል ብዬ እጠይቀዋለሁ። ከጡንቻው በፊት መድረስ ነው ጉዳዩ። እናቴ ላይ የባከነው ጊዜ ወደ ሁለት ዓመት ነበር።

አክስቴ ዘንድ ልመለስ። ይህን ሁሉ ከመጻፌ በፊት አንድ መስመር ነበር የላክሁላት፦ “ሌሊት ሲደነዝዝሽ ትንሿ ጣትሽ አለችበት?” መልሱ በማግስቱ በድምፅ መጣ፣ ከኋላዋ የደንበኛ ጫጫታ ይሰማል። “እሷው ናት እኮ የምትደነዝዘኝ! እሷና ጎረቤቷ። አውራ ጣቴማ ደህና ነው። ክርኔንም ያመኛል።”

አክስቴ ሱቋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በግራ ክርኗ ባንኮኒ ተደግፋ ነው የምትውለው። በክርን ጀርባ የሚያልፈው ሌላው ነርቭ ነው፣ የትንሿ ጣት ነርቭ። ቅቤውን ግን ጽሑፉ እንዳለው አንጓዋ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ስትቀባ ሰንብታለች።